ለ250 ካሬ ግቢ የውጭ ካሜራ፦ ስንት፣ የትኛው፣ የት ላይ?

ባለግቢ_ሰሚት | ማክሰኞ ከምሽቱ 1:40

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሚት አካባቢ ላለ ጂ+1 ቤት የውጭ ካሜራ ላስገጥም ነው። ግቢው ፊቱ 12.5 ሜትር፣ ጥልቀቱ 20 ሜትር ነው። ዋናው በር ባለ 4 ሜትር ላሜራ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ይመለከታል። የእግረኛው በር ከላሜራው በስተሰሜን ተያይዟል። ከበሩ እስከ በረንዳው 6 ሜትር ሲሆን የሳሎኑ መግቢያ በደቡብ ጫፍ ነው። በሰሜን በኩል 1.2 ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ ወደ ሰርቪስ ቤቶቹ ይወስዳል። አጥሩ 2.6 ሜትር ብሎኬት ነው።

ባለሙያው ያቀረበልኝ 4 ባለ 8 ሜጋፒክስል ካሜራ ነው። ሁሉም ባለ 2.8 ሚሊሜትር ሌንስ ሆነው በጣሪያው አራት ማዕዘን፣ ከመሬት 7 ሜትር ላይ ይሰቀላሉ። «ከፍ ሲል ሁሉን ያያል፣ እጅም አይደርስበትም» ብሎኛል። ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት አስተያየታችሁን እፈልጋለሁ።

---

ሽቦ_ዘርጊ | ማክሰኞ ከምሽቱ 2:15

ወንድሜ፣ ገና አትክፈል። 7 ሜትር ላይ የተሰቀለ ካሜራ የሚያሳይህ የሰው አናት ነው። ኮፍያ ያደረገ ወይም ጋቢ የተከናነበ ሰው ከዚያ ከፍታ ፊቱ ጨርሶ አይታይም።

ስሌቱ ቀላል ነው። የሰው ፊት ከመሬት 1.6 ሜትር ያህል ላይ ነው። ካሜራው 7 ሜትር ላይ ከሆነ በፊቱና በካሜራው መካከል 5.4 ሜትር የከፍታ ልዩነት አለ። አግድሙ ርቀት 6 ሜትር ነው ስላልክ፣ ካሜራው ፊቱን የሚያየው ወደ 42 ዲግሪ ቁልቁል አዘቅዝቆ ነው። ፊት ለመለየት ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ባያልፍ ይመረጣል። ያንኑ ካሜራ 2.6 ሜትር ላይ አውርደህ ከ5 ሜትር ርቀት ብታሳየው ዘንበሉ 11 ዲግሪ ብቻ ይሆናል።

«እጅ እንዳይደርስበት» የሚለው ስጋት እውነተኛ ነው፤ መፍትሔው ግን ከፍታ አይደለም። አንዱ ካሜራ ሌላውን እንዲያይ አድርገህ አቀማምጣቸው። አንዱን ለመንቀል የሚመጣ ሰው በሌላው ላይ ፊቱን ጥሎ ይሄዳል።

ደግሞ ከካሜራው ሥር ያለውን ዕውር ቦታ አትርሳ። ባለ 2.8 ሌንስ 3 ሜትር ላይ ተሰቅሎ 20 ዲግሪ ቢዘቀዝቅ፣ ከግድግዳው ሥር እስከ 2.8 ሜትር ድረስ ያለውን መሬት አያይም። ግድግዳ ታክኮ የሚሄድ ሰው በዚያ ያልፋል። ይህንንም የሚሸፍነው ከወዲያ ማዶ የሚያየው ካሜራ ነው።

---

ሌንስና_ብርሃን | ማክሰኞ ከምሽቱ 2:50

ጋሼ ሽቦ ዘርጊ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። እኔ የሌንሱን ልጨምር፤ ሰው ብዙ ገንዘብ የሚያባክነው እዚህ ላይ ነውና። የሌንሱ ሚሊሜትር ሲያንስ እይታው ይሰፋል፣ ሲጨምር ይጠብና ሩቁን ያቀርባል።

የሜጋፒክስሉን ቁጥር ለጊዜው እንተወው። የሚጠቅመው ጥያቄ «ሰውየው በሚቆምበት ቦታ አንድ ሜትር ላይ ስንት ፒክስል ያርፋል?» የሚለው ነው። አይኢሲ 62676-4 የሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት እ.ኤ.አ. በ2014 እትሙ ደረጃ አውጥቶለታል፦ ሰው መኖሩን ለማወቅ በሜትር 25 ፒክስል፣ የምታውቀውን ሰው ለመለየት 125፣ የማታውቀውን ሰው ማንነት ለማረጋገጥ 250። ለፖሊስ የሚጠቅምህ የመጨረሻው ነው።

አሁን የቀረበልህን እንፈትሸው። ባለ 8 ሜጋፒክስል ምስል ወርዱ 3840 ፒክስል ነው። ባለ 2.8 ሌንስ ወደ 100 ዲግሪ ይከፍታል። ከጣሪያው ማዕዘን እስከ በሩ፣ ከፍታውም ተጨምሮ፣ 8 ሜትር ያህል ነው፤ እዚያ ላይ ምስሉ 19 ሜትር ስፋት ይይዛል። 3840 ለ19 ሲካፈል 200 አካባቢ። 8 ሜጋፒክስል ከፍለህ 250ው ላይ አልደረስክም፤ የ42 ዲግሪውን ቁልቁለት ገና ሳንቆጥር።

ባለ 4 ሜጋፒክስል ካሜራ (ወርዱ 2560) በተለያየ ሌንስ በሜትር 250 ፒክስል የሚሰጥበት የመጨረሻ ርቀት በግምት ይህ ነው፦ 2.8 ሚሊሜትር እስከ 4 ሜትር፣ 4 ሚሊሜትር እስከ 6 ሜትር፣ 6 ሚሊሜትር እስከ 11 ሜትር፣ 12 ሚሊሜትር እስከ 23 ሜትር። የሌንሱ አንግል ከሞዴል ሞዴል ትንሽ ስለሚለያይ ከመግዛትህ በፊት በካሜራው መግለጫ ላይ «አግድም እይታ» የሚለውን ዲግሪ እይ።

ስለ ማታ ደግሞ፦ የሴንሰሩ (ከሌንሱ ጀርባ ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) መጠን ከፒክስሉ ቁጥር የበለጠ ወሳኝ ነው። በአንድ ትንሽ ሴንሰር ላይ 8 ሚሊዮን ፒክስል ሲታጨቅ እያንዳንዱ የሚያገኘው ብርሃን ያንሳል፤ ማታ ምስሉ በነጠብጣብ ይሞላል፣ የሚንቀሳቀስ ሰውም ጥላ ጥላ ይሆናል። 1/1.8 ኢንች ሴንሰር ያለው ባለ 4 ሜጋፒክስል፣ 1/2.8 ኢንች ሴንሰር ካለው ባለ 8 ሜጋፒክስል ማታ ይሻላል። የቀን ናሙና ብቻ ከሚያሳይ ሻጭ አትግዛ፤ የማታ፣ ያውም ሰው ሲራመድ የሚያሳይ ቅጂ ጠይቅ።

---

ባለግቢ_ሰሚት | ማክሰኞ ከምሽቱ 3:20

እህቴ እግዜር ይስጥልኝ፤ እንዲህ ተሰልቶ ያስረዳኝ አልነበረም። እንግዲህ ካሜራውን በበረንዳው ኮለን ላይ 2.6 ሜትር ላይ አድርጌ ቀጥታ ወደ በሩ ላዙረው?

---

ሌንስና_ብርሃን | ማክሰኞ ከምሽቱ 3:45

እዚያ ላይ ፀሐይ ትገባብሃለች። በርህ ምሥራቅ ስለሆነ ከጠዋቱ 12:30 እስከ 2:30 ፀሐይዋ በቀጥታ ከበሩ ጀርባ ናት። የሚገባው ሰው ጥቁር ጥላ ሆኖ ይመጣል። ደብሊውዲአር (ብሩህና ጨለማ ቦታን በአንድ ምስል የሚያመጣጥን ችሎታ) 120 ዴሲቤል ያለው ካሜራ ጥቂት ያድናል፤ ሌንሱ ላይ በቀጥታ የምትወድቅ ፀሐይን ግን አያሸንፍም። ካርቶኑ ላይ «ዲጂታል ደብሊውዲአር» የሚል ከሆነ ደግሞ ምስሉን በሶፍትዌር ከማንጣት ያለፈ ሥራ የለውም።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው ከምሥራቅ ግራና ቀኝ 24 ዲግሪ ሳታልፍ ነው። ስለዚህ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያጋደለ ካሜራ ከጠዋትም ከማታም ፀሐይ ይድናል።

የምመክርህ፦ ባለ 6 ሚሊሜትሩን በደቡቡ አጥር ላይ፣ ከበሩ መስመር 4 ሜትር ወደ ውስጥ ገባ አድርገህ፣ ወደ እግረኛው በር አነጣጥረው። ርቀቱ ከ11 ሜትር ትንሽ ያንሳል፤ 250 ፒክስሉን ያገኛል። እይታው ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 22 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሚያጋድል በሰኔ ፀሐይ ወደ ሰሜን አብዝታ በምትወጣበት ጊዜ እንኳ ክፈፉ ውስጥ አትገባም። የሳሎንህ መግቢያ ደቡብ ጫፍ ነው ብለሃል፤ የሚገባ ሰው ወደዚያ ሲታጠፍ ፊቱን ለካሜራው ይሰጣል።

መኪና እዚያው ታቆም ከሆነም አትጨነቅ። ካሜራው 2.6 ሜትር፣ ፊቱ 1.6 ሜትር ከሆነ መሐል መንገድ ላይ የእይታው መስመር 2.1 ሜትር ከፍታ ያልፋል። ላንድክሩዘር እንኳ ከሥሩ ይቆማል። ዕቃ መጫኛ ጣሪያው ላይ ካለ ግን ይጋርዳል።

---

ሽቦ_ዘርጊ | ማክሰኞ ከምሽቱ 4:05

በዚህ እስማማለሁ። ከውጭ ደግሞ አንድ ያስፈልገዋል። በደቡቡ የበር ኮለን ላይ፣ 2.7 ሜትር፣ ባለ 4 ሚሊሜትር፣ ወደ ሰሜን አጥሩን ታክኮ የሚያይ። የእግረኛው በር 5 ሜትር ላይ ስለሚሆን በሜትር 300 ፒክስል ይገኛል። ደወል የሚደውለውን ሰው የሚይዘው ይኼ ነው። በዚህ አቅጣጫ የመንገዱ ማዶ ቤቶች ፊት ለፊት አይገቡም፤ ይህም ለጎረቤት ሰላም ይጠቅማል።

ለመተላለፊያው 1.2 ሜትር ስፋት ላይ የተለመደውን ወደ ጎን ሰፊ የሆነ 16 በ9 ምስል ብታስቀምጥ ከምስሉ አብዛኛው ግድግዳ ነው። ካሜራውን በ90 ዲግሪ አዙረህ ስቀለውና በማስተካከያው ውስጥ ምስሉን አዙረው፤ ብዙዎቹ ላይ «ኮሪደር» የሚል ምርጫ አለ። ያኔ ምስሉ ቁመታም ሆኖ ከእግርህ ሥር እስከ ሰርቪሱ ያለውን ሁሉ ይይዛል።

---

የማታ_ዓይን | ረቡዕ ከጠዋቱ 2:10

ማታ ላይ ኢንፍራሬዱ (ካሜራው በጨለማ የሚያበራው፣ ለዓይን የማይታይ መብራት) ስለሚያበላሸው ነገር ማንም አላነሳም፤ ከቅሬታ ሁሉ የሚበዛው ግን ይኼኛው ነው።

የካሜራው ኢንፍራሬድ መብራት ቅርብ ያለ ነገር ላይ ካረፈ ተመልሶ ሌንሱ ውስጥ ይገባል። ካሜራው «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ምስሉን ያጠቁራል፤ ከኋላ ያለው ሁሉ ይጨልማል። የሚያንጸባርቁት ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ፣ የኮርኒሱ ጠርዝ፣ አሸንዳ፣ አዲስ የተቀባ ላሜራ ናቸው። ስለዚህ ካሜራውን ኮርኒሱ ሥር ወደ ውስጥ አትደብቀው፤ ፊቱ ከኮርኒሱ ጠርዝ ጋር እኩል ይሁን ወይም ትንሽ ይውጣ። በምስሉ ጥግ የግድግዳ ቁራጭ ከታየ ካሜራውን አዙረህ አስወጣው። በዚያ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ደግሞ የኢንፍራሬዱን ጉልበት በማስተካከያው ወደ 30 ወይም 40 በመቶ አውርደው።

የዶም ቅርጽ ያለውን ለውጭ አልመክርም። የፕላስቲክ ሽፋኑ ላይ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጤዛ ይቀመጣል፤ ኢንፍራሬዱ እዚያው ተበትኖ ምስሉ ጭጋግ ይለብሳል። ተርት የሚባለው፣ ኳስ መሳይ ሆኖ መብራቱና ሌንሱ የተለያየ መስኮት ያላቸው ይሻላል። ቡሌት የሚባለው ረጅሙም ጥሩ ነው፤ ከፊቱ የወጣው ጥላ ግን ለሸረሪት ምቹ ነው። ማታ ነፍሳት መብራቱን ይከተላሉ፣ ሸረሪት ነፍሳቱን ይከተላል፣ ድሩ በነፋስ ሲወዛወዝ ሌሊቱን ሙሉ የእንቅስቃሴ ማስጠንቀቂያ ይደወልልሃል። በወር አንድ ጊዜ በደረቅ ለስላሳ ቡሩሽ መጥረግ ነው። እንቅስቃሴን ብቻ ከሚያይ ይልቅ ሰውና ተሽከርካሪ የሚለይ ካሜራ ግዛ፤ ድመቱም ቅጠሉም ስልክህን ማስጮህ ያቆማሉ።

አንድ ተጨማሪ፦ ማታ የመዝጊያ ፍጥነቱን (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ለካሜራው ብቻ አትተው። በራሱ ሲመርጥ ወደ 1/25 ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ይወርድና የሚራመድ ሰው ፊት ይደበዝዛል። 1/100 ላይ አስረው። ምስሉ ትንሽ ይጨልማል፤ ፊቱ ግን ይለያል። ጨለማው ከበዛ በሩ ላይ ሌሊቱን የሚያድር 10 ዋት የኤልኢዲ መብራት ከማንኛውም ውድ ካሜራ በላይ ይረዳል።

---

ኔትወርክ_በረከት | ረቡዕ ከጠዋቱ 3:00

ከላይኛው ጋር የሚሄድ፦ በማስተካከያው ውስጥ «ፓል/50 ኸርዝ» መመረጡን አረጋግጥ። ብዙ ካሜራ «ኤንቲኤስሲ/60 ኸርዝ» ሆኖ ይመጣል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በአምፖል ብርሃን ምስሉ ላይ የሚንከባለል ጥቁር ሰንበር ይፈጥራል። ካሜራው ተበላሸ ተብሎ የሚመለሰው አንዳንዴ በዚህች ምርጫ ብቻ ነው።

---

ሶላር_ይሻላል | ረቡዕ ከቀኑ 6:30

ይህ ሁሉ ሽቦና ቁፋሮ ለምን? ባለ ሶላር፣ ባለ 4ጂ ሲም ካሜራ አለ። በሁለት ፊሸር ትሰቅለዋለህ፣ መብራት ቢጠፋም ይሠራል፣ ዋይፋይም አይፈልግም።

---

ሽቦ_ዘርጊ | ረቡዕ ከቀኑ 7:10

ወንድሜ፣ ለግንባታ ቦታ፣ ለእርሻ፣ መብራት ላልገባበት አጥር ሶላሩ ተገቢ ነው፤ እኔም ለዚያ እመክረዋለሁ። ለሚኖሩበት ቤት ግን ልዩነቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

በባትሪ የሚሠራው ካሜራ ሁልጊዜ አይቀዳም። ተኝቶ ይቆይና የሰውነት ሙቀት የሚለይ ሴንሰሩ ሲነቃ ይነሳል። እስኪነሳ አንድ ሁለት ሰከንድ ያልፋል፤ ፈጥኖ የሚራመድ ሰው በዚያ መሐል 3 ሜትር ይሄዳል፣ ቅጂው የሚጀምረው ከጀርባው ነው። ሴንሰሩም በአግድም የሚያልፍን ሰው በደንብ ይለያል፣ ቀጥታ ወደ ካሜራው የሚመጣን ሰው ግን ዘግይቶ ያያል። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ለሳምንታት ሲከርም ፓነሉ ባትሪውን አይሞላም። ቅጂው የሚቀመጠው ደግሞ እዚያው ካሜራው ውስጥ ባለው ካርድ ላይ ነው፤ ካሜራውን የነቀለው ሰው ማስረጃውንም ይዞት ይሄዳል።

በዋይፋይ ለሚሠሩትም፦ የላሜራ በርና የኮንክሪት ግድግዳ ሲግናሉን ይገድሉታል። ራውተሩ ሳሎን፣ ካሜራው ከላሜራው ውጭ ከሆነ በየደቂቃው ይቆራረጣል።

---

ሶላር_ይሻላል | ረቡዕ ከቀኑ 8:00

እሺ፣ ስለ ካርዱ ያልከውን እቀበላለሁ። ሶላር የሚያስገቡ ሰዎች ቢያንስ ፓነሉን ከካሜራው ነጥለው ወደ ደቡብ፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ አዘንብለው ይስቀሉት። ካሜራው ሰሜን ስላየ ፓነሉም ሰሜን ማየት የለበትም። ጠፍጣፋ ከተደረገ ደግሞ ዝናብ አቧራውን አያጥበውም።

---

ሽቦ_ዘርጊ | ረቡዕ ከቀኑ 8:40

ጥሩ ነጥብ ነው። ወደ ኬብሉ ልመለስ።

ፒኦኢ ተጠቀም፤ በአንድ የኔትወርክ ኬብል መብራቱም ምስሉም ይሄዳል። ርቀቱ እስከ 100 ሜትር ስለሆነ ለዚህ ግቢ ከበቂ በላይ ነው። ኬብሉ ግን ንጹሕ መዳብ ይሁን። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠው «ሲሲኤ» የሚባለው ነው፤ አሉሚኒየም ላይ መዳብ የተለበጠ። ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርገው፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ ተወው። ሜትር ያለው ሰው ደግሞ የአንዱን ጥንድ ጫፍ አያይዞ ይለካ፤ 100 ሜትር መዳብ ከ19 ኦም አይበልጥም። ሲሲኤ ይሰባበራል፣ ይሞቃል፣ የሚያደርሰውም ቮልት ያንሳል።

የቮልቱ ነገር በተለይ በ12 ቮልት አዳፕተር የሚሠሩትን ይመለከታል። ካሜራው 0.6 አምፔር የሚወስድ፣ ሽቦው 0.5 ስኩዌር ሚሊሜትር፣ ርቀቱ 60 ሜትር ቢሆን 2.5 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ካሜራው የሚደርሰው 9.5 ነው። ቀን ኢንፍራሬዱ ስለማይበራ ደህና ይውላል። ሲመሽ ኢንፍራሬዱ ሲበራ አምፔሩ ይጨምራል፣ ቮልቱ ይወድቃል፣ ካሜራው እየጠፋ ይነሳል። «ቀን ይሠራል፣ ማታ ይጠፋል» ከተባለ መጀመሪያ የሚለካው ካሜራው ጫፍ ላይ ያለው ቮልት ነው፤ ካሜራውን መቀየር አይደለም።

ከካሜራው ጅራት ጋር ያለው መገጣጠሚያ አየር ላይ አይንጠልጠል። ስካቶላ ውስጥ ይግባ፣ የኬብሉ መግቢያ ከታች ይሁን፣ ከስካቶላውም በታች ኬብሉ አንድ ጊዜ ወደ ታች ተለጥጦ ይመለስ፤ ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይከተለውም። ናስትሮ ብቻ ጠቅልለው የሚተዉት አንድ ክረምት አያልፍም፤ ውሃው ሶኬቱን አረንጓዴ ያደርገዋል። ከዚያ ምስሉ በዝናብ ጊዜ ብቻ መጥፋት ይጀምራል። ፀሐይ የሚያገኘው ኬብል ሁሉ በቱቦ ይሂድ።

ፊሸሩን ብሎኬቱ ላይ አትምታ፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ይላላል። ካሜራው በነፋስ ትንሽ በትንሽ ያዘነብልና ከወራት በኋላ ሰማይ ወይም መሬት ሲያይ ታገኘዋለህ። ኮለን ወይም ቢም ፈልግ። አጥሩ ላይ ኮለን የሌለበት ቦታ ከሆነ በሁለት በኩል ሰሌዳ ብረት አድርጎ በረጅም ቡሎን ማጣበቅ ነው።

---

ኤሌክትሪክ_ቤት | ረቡዕ ከምሽቱ 12:50

መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ በመጨረሻ የሚታሰብ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ካሜራው የሚፈለገው በጨለማ ሌሊት ነውና።

5 ካሜራ ይሆናል ብለን ብናስብ፣ ማታ እያንዳንዱ 7 ዋት ቢወስድ 35፣ መቅጃው (ኤንቪአሩ) ከነዲስኩ 12፣ ራውተሩና የኢንተርኔቱ መቀበያ ሌላ 12። በድምሩ 60 ዋት ያህል። ለኮምፒውተር የሚሸጠው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ውስጡ ያለው ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ነው። በወረቀት 84 ዋት-ሰዓት ይላል፤ በተግባር ይህን ጭነት 45 ደቂቃ ከያዘ ጥሩ ነው። ሌሊቱን ማሳደር ከፈለግህ 12 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት ጄል ባትሪና ንጹሕ ሳይን ሞገድ የሚሰጥ ኢንቨርተር አስገባ። ግማሹን ብቻ ብትጠቀም (ጄል ከዚያ በላይ ሲወርድ ዕድሜው ያጥራል) የኢንቨርተሩም ብክነት ተቀንሶ 500 ዋት-ሰዓት ይቀራል። ከ8 ሰዓት በላይ ነው። ራውተሩን ከዚሁ ጋር ማያያዝ እንዳይረሳ፤ እሱ ከጠፋ ቅጂው ይቀጥላል፣ ስልክህ ላይ ግን ምንም አይደርስም።

የሚመለሰው መብራት ከሚጠፋው ይብሳል፤ ቮልቱ ተወርውሮ ይመጣል። ስታቢላይዘር ወይም ቮልቱ እስኪረጋጋ የሚያዘገይ መከላከያ ከኢንቨርተሩ በፊት አድርግ። ከአጥር ውጭ ለሚሰቀለው ካሜራ ደግሞ የፒኦኢ መብረቅ መከላከያ አስገባና ከምድር ሽቦ ጋር አገናኘው። ምድር ሽቦ ያልተያያዘ መከላከያ ምንም አይከላከልም፤ ብዙ ቦታ የሚታየው ግን እንዲያ ነው።

---

ኔትወርክ_በረከት | ረቡዕ ከምሽቱ 2:00

ዲስክን በተመለከተ፦ 1 ሜጋቢት በሰከንድ ማለት በቀን 10.8 ጊጋባይት ነው። በኤች.265 (ቅጂውን ጨምቆ የሚያሳንስ ዘዴ)፣ ባለ 4 ሜጋፒክስል፣ በሰከንድ 15 ፍሬም ላይ 3 ሜጋቢት ይበቃል። ለ5 ካሜራ 15 ሜጋቢት፣ በቀን 162 ጊጋባይት። 2 ቴራ 12 ቀን፣ 4 ቴራ 24 ቀን ያስቀምጣል። ነገሩ የሚታወቀው አንዳንዴ ከሳምንት በኋላ ስለሆነ 4 ቴራ እመክራለሁ። ለካሜራ ተብሎ የተሠራ ዲስክ ይሁን፤ የኮምፒውተሩ ሌት ተቀን መጻፍን አይችልም።

መቅጃውን ቴሌቪዥኑ ሥር አታስቀምጥ። ቴሌቪዥኑን የሚወስድ ሰው አብሮ ይወስደዋል። አየር የሚገባው፣ የሚቆለፍ ቁምሳጥን ውስጥ ይሁን። ለበሩ ሁለት ካሜራዎች ደግሞ በውስጣቸው የማስታወሻ ካርድ ጨምር፤ መቅጃው ቢጠፋ እነሱ ላይ ይቀራል።

ሰዓቱን አስተካክል። ጂኤምቲ+3፣ የበጋ ሰዓት ለውጥ የሚለው ይዘጋ፣ ከኢንተርኔት ሰዓት እንዲያመሳስል ይደረግ። ይህን በጥብቅ የምለው ማስረጃ ሲጠየቅ ግራ መጋባት ስለሚፈጠር ነው። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የሆነ ነገር መቅጃው ላይ 02:00 ነው፤ ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር አዲስ ቀን ሆኗል። በቀደመው ቀን ሲፈልጉ ውለው «ቅጂ የለም» የሚሉ አሉ። ለፖሊስ የምትሰጠው ቅጂ ላይ ሁለቱንም አጻጻፍ በወረቀት አያይዝ።

---

ከሜሪላንድ | ሐሙስ ከሌሊቱ 9:15

ቤቱን አዲስ አበባ አስገንብተን ከሩቅ ለምንከታተል ሰዎች ልጨምር። ባለሙያው ሲገጥም አካውንቱን በራሱ ኢሜይልና ስልክ ይከፍተውና «ሼር» ያደርግልናል። ያ ማለት የካሜራው ባለቤት እሱ ነው። እሱ ስልክ ቢቀይር ወይም ብትጣሉ መግባት አትችልም፤ እሱ ግን ይችላል። ዋናው አካውንት በባለቤቱ ኢሜይል መከፈቱን፣ የመቅጃውም የአድሚን ይለፍ ቃል በእጅ መግባቱን ሳታረጋግጡ የመጨረሻውን ክፍያ አትክፈሉ።

ከዚህ ስናይ ደግሞ ዋናውን ምስል ሳይሆን ሁለተኛውን፣ ዝቅተኛውን ምስል መክፈት ነው። 512 ኪሎቢት ላይ አስተካክሉት፤ የአዲስ አበባው ኢንተርኔት ወደ ውጭ የሚልከው ውስን ስለሆነ ዋናው ይቆራረጣል።

---

ኔትወርክ_በረከት | ሐሙስ ከጠዋቱ 2:20

በጣም ትክክል። ለሩቅ እይታ ተብሎ ራውተሩ ላይ ፖርት መክፈትንም (ካሜራውን ከውጭ በቀጥታ እንዲገኝ ማድረግን) ተዉ። እ.ኤ.አ. በ2021 በሂክቪዥን ካሜራዎች ላይ ይፋ የሆነው ክፍተት ያለ ይለፍ ቃል ካሜራውን ለመቆጣጠር የሚያስችል ነበር፤ በቀጥታ ለኢንተርኔት የተጋለጡት ናቸው ቀድመው የሚጠቁት። ማስተካከያው ወጥቷል፤ ግን ፈርምዌሩ (የካሜራው የውስጥ ሶፍትዌር) ያልታደሰ ካሜራ እንደተጋለጠ ነው። በአምራቹ መተግበሪያ በኩል ወይም በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) ግቡ።

---

ሕግ_አዋቂ | ሐሙስ ከቀኑ 5:00

የጎረቤትና የቤት ሠራተኛ ነገር እንዳይረሳ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ይጠብቃል። ካሜራህ የጎረቤትን መስኮት፣ በረንዳ ወይም ግቢ የሚያይ ከሆነ በማስተካከያው ውስጥ ያንን ክፍል በጥቁር ሸፍነው፤ የተሸፈነው ቅጂው ላይም አይቀመጥም። ሰርቪሱ በኩል የመታጠቢያ ቤቱ በር፣ የሠራተኛዋ መኝታ መስኮት፣ የልብስ ማጠቢያው ቦታ ክፈፉ ውስጥ አይግባ። ለጠባቂውም ለሠራተኛዋም ካሜራው የት እንዳለና ምን እንደሚያይ ንገራቸው። ከሁሉም በፊት የሰው ክብር ነው። ድምፅ መቅጃውንም ዝጋው።

---

ባለግቢ_ሰሚት | ሐሙስ ከምሽቱ 1:30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዕቅዱን ቀይሬዋለሁ፤ ስህተት ካለበት እረሙኝ።

5 ካሜራ፣ ሁሉም ባለ 4 ሜጋፒክስል ተርት፣ ትልቅ ሴንሰር። አንደኛው በደቡቡ የበር ኮለን ከውጭ፣ ባለ 4፣ ወደ ሰሜን። ሁለተኛው በደቡቡ አጥር ከውስጥ፣ ባለ 6፣ ወደ እግረኛው በር። ሦስተኛው በመተላለፊያው፣ ባለ 4፣ በኮሪደር ምስል። አራተኛው ሰርቪሱ ግቢ፣ ባለ 2.8። አምስተኛው በበረንዳው ሥር፣ ባለ 2.8፣ የፊቱን ግቢ በጠቅላላ የሚያይ። መቅጃው ባለ 8 ቻናል፣ 4 ቴራ፣ ላይኛው ፎቅ ቁምሳጥን ውስጥ። ነገ ባለሙያው ቁፋሮ ይጀምራል።

---

ሌንስና_ብርሃን | ሐሙስ ከምሽቱ 2:00

አምስተኛው ምሥራቅ ማየቱ ችግር የለውም፤ ሥራው ፊት መለየት ሳይሆን ማን ከየት ወደየት ሄደ የሚለውን ማሳየት ነውና። ሁለተኛውን ካሜራም ክፈፉ ውስጥ እንዲያስገባ ትንሽ ወደ ደቡብ አዙረው።

ቁፋሮው ግን ነገ አይጀመር። አንዱን ካሜራ ከረጅም ኬብል ጋር አያይዘህ፣ ረጅም እንጨት ላይ አስረህ፣ በታሰበው ቦታ ሁሉ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ያዘው። ሌላ ሰው ኮፍያ አድርጎ ከበሩ ይግባ፣ አንዴ ቀስ ብሎ፣ አንዴ ፈጥኖ። ቅጂውን አቁመህ ፊቱን አጉልተህ እይ። ካልተለየህ ግድግዳው ሳይበሳ ሌንሱን መቀየር ወይም ቦታውን በግማሽ ሜትር ማዛወር ትችላለህ።

---

ሽቦ_ዘርጊ | ሐሙስ ከምሽቱ 2:25

ኬብል ስታዘረጋ ደግሞ ለየካሜራው ሁለት ሁለት ሜትር ትርፍ ስካቶላው አጠገብ ይጠቅለል፣ ቱቦውም ባለ 25 ሚሊሜትር ይሁን፣ ውስጡም አንድ መጎተቻ ሲባጎ ይቅር። ወደ በሩ የሚሄደው ቱቦ ውስጥ ሁለተኛ ኬብል አሁኑኑ አስገባ፤ የኢንተርኮሙ ነገር ከመጣ ግቢውን ሁለተኛ አትቆፍርም። ሁለቱንም ጫፍ በቁጥር ምልክት አድርግባቸው።

---

ባለግቢ_ሰሚት | ዓርብ ከምሽቱ 4:10

ፈትሸነዋል። ከውስጥ ያለው ባለ 6 ፊቱን በደንብ ያወጣል። መተላለፊያው ላይ ግን ነጩ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ አብርቶት ሰውየው እስከ መሐሉ ድረስ አይታይም።

---

የማታ_ዓይን | ዓርብ ከምሽቱ 4:30

ኢንፍራሬዱን መጀመሪያ 30 በመቶ አድርገው። ካልበቃ ጨርሶ አጥፋውና ከካሜራው ፊት ለፊት ሳይሆን ከበላዩ፣ ካሜራው ወደሚያይበት አቅጣጫ የሚያበራ 5 ዋት ነጭ መብራት ስቀል። ሁለት ሜትር ያህል የቅርቡን ግድግዳ ደግሞ አብረቅራቂ ባልሆነ ጠቆር ያለ ግራጫ ቀለም ቀባው።